የእንግሊዝ ጦር የሬዲዮ መገናኛዎች እንደ ታሪክ ማስረጃ፦ ስለ አሰባሰባቸውና ስለ አጠጋገናቸው

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነ የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሊመስል ይችላል። በእንግሊዝ አገር በእርግጥም እንዲሁ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉ የሬዲዮ መገናኛዎችን የሚሰበስቡና የሚጠግኑ ሰዎች ማኅበር አቋቁመዋል፤ ብላንድፎርድ በሚባለው ሰፈር የሚገኘው የሮያል ሲግናልስ ሙዚየምም የዚህን ዘመን መሣሪያዎች ለሕዝብ ያሳያል። በእኛ አገር ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ከእነዚህ መሣሪያዎች ከፊሉ በገዛ ታሪካችን ውስጥ የሠራ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በኪሎ እየተመዘነ ለብረት ማቅለጫ የሚሸጥ ነው።

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በ1933 ዓ.ም. የነጻነት ዘመቻ የሬዲዮ መገናኛ የነበረው ወገን ቃሉ በመዝገብ ሰፍሮ ቀርቷል፤ ያልነበረው ወገን ቃል ግን በአብዛኛው ከሰዎች ትውስታ ጋር ዐብሮ እያለፈ ነው። ስለዚህ አንድን አሮጌ ሬዲዮ ስንሰበስብና ስንጠግን የምንጠብቀው ብረትና ሽቦ ብቻ አይደለም፤ ማን ተሰማ፣ ማን አልተሰማ የሚለውን ጥያቄ ጭምር ነው። በዚህ መንገድ ካልተሠራ ጥገናው ራሱ ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል። ለምሳሌ የምወስደው ምሥራቃዊውን ደቡብ ጎንደር፣ ማለትም ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ነው።

መሣሪያዎቹ እንዴት መጡ

ሬዲዮ በኢትዮጵያ የጦር ታሪክ ውስጥ የገባው ከእንግሊዞች በፊት ነው። በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ዋዜማ ንጉሠ ነገሥቱ ከጦር ሜዳ የላኳቸውን የሬዲዮ መልእክቶች ኢጣልያኖች ጠልፈው እንዳነበቧቸው ይታወቃል። መጋቢት 22 ቀን የተሰነዘረው ጥቃት ለጠላት ድንገተኛ ሳይሆን የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ሬዲዮ መልእክትን በፍጥነት ያደርሳል፤ ነገር ግን ሞገዱ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

የእንግሊዝ የጦር ሬዲዮ ወደ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል የገባው ከሱዳን ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1940) በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 ድንበር ተሻግሮ ወደ ጎጃም አቀና። በቡድኑ ውስጥ ከነበሩት ጥቂት እንግሊዞች አንዱ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር፤ ከካርቱም ጋር የሚያገናኛቸው እርሱ ነው። በሰሜን በኩል ኮሎኔል ቤንቲንክ ወደ አርማጭሆ ገቡ፤ ይህም እነ ደጃዝማች ውብነህ ተሰማ፣ ሕዝቡ አሞራው ውብነህ የሚላቸው፣ ጠላትን ሲፋለሙ የቆዩበት አገር ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ድንበር ከተሻገሩ በኋላ በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይል በጎጃም ሲዘምት፣ ከዚሁ ኃይል ተከፍሎ በአንቶኒ ሲሞንድስ የሚመራው የበጌምድር ኃይል ወደ እኛ አካባቢ ተላከ። ደብረ ታቦር የሰፈረው የኢጣልያ ጦር በ1933 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ እጁን ሰጠ፤ ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደቀች።

ሁለተኛው መግቢያ በር ከዘመቻው በኋላ የተከፈተው ነው። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ሲፈረም የእንግሊዝ የጦር ሚሽን የኢትዮጵያን ሠራዊት እንዲያደራጅና እንዲያሠለጥን ተወሰነ። ሚሽኑ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ቀጥሎ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት የአሜሪካ መሣሪያ ሲያመጣ የእንግሊዙ መሣሪያ ቀስ በቀስ ወደ ግምጃ ቤት፣ ከግምጃ ቤትም ወደ ገበያ ወጣ።

ጉና ተራራና የሬዲዮ ሞገድ

አሁን ወደ ፊዚክሱ ልምጣ፤ የታሪክ ተማሪዎች ይታገሡኛል። ያለ ፊዚክሱ የአካባቢያችንን ዘመቻ መረዳት አይቻልም።

ደብረ ታቦርንና ንፋስ መውጫን የሚለያቸው ጉና ነው፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርዱ ጥልቅ ሸለቆዎች የተከፋፈለ አገር ነው። በዘመኑ የነበሩት አነስተኛ መገናኛዎች ቀጥ ብሎ በሚቆም የብረት ዘንግ አንቴና ሲሠሩ ሞገዳቸው በአብዛኛው መሬት መሬቱን ይጓዛል፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላም ይዳከማል። እንዲህ ያለ ተራራ ሲገጥመው ደግሞ የባሰ ነው። መካነ ኢየሱስ የቆመ ሰው ንፋስ መውጫ ላለው ወዳጁ በዚህ መንገድ ድምፁን ማሰማት አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ሰማይ ነው። ከ2 እስከ 8 ሜጋኸርዝ ባለው ፍሪኩዌንሲ የሚላክ ሞገድ፣ አንቴናው ከመሬት ብዙም ሳይርቅ አግድም ከተዘረጋ፣ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ አየኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ንብርብር ተመልሶም እንደ ዣንጥላ አካባቢውን ያለብሳል። ተራራው እንቅፋት መሆኑ ይቀራል፤ ሞገዱ ከላይ ይወርዳልና። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ ረጅም ሽቦ ነው፤ በ5 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 60 ሜትር ስለሆነ የግማሽ ሞገድ አንቴና 30 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ሁለተኛ ከቀን ወደ ሌሊት ፍሪኩዌንሲ መቀያየር ያስፈልጋል፤ ንብርብሩ በፀሐይ የሚታዘዝ ነውና። ሦስተኛ የባትሪ ኃይል ነው። ባትሪ መሙያ ሞተርና ነዳጅ በአጋሰስ ወይም በግመል ካልተጫነ የመገናኛው ዕድሜ አጭር ነው።

እንግዲህ አንድ የዘመቻ ጓድ ሬዲዮ ነበረው ማለትና ያ ጓድ ይገናኝ ነበር ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ተመልከቱ። የጌዴዎን ኃይል የመገናኛ እጥረት ከዋነኞቹ ችግሮቹ አንዱ ነበር። መሣሪያው ባልሠራበት ቀን እንግሊዙም እንደ አርበኛው መልእክተኛ ለመላክ ይገደድ ነበር።

አንድን መሣሪያ ማንበብ

የእንግሊዝ ጦር መሣሪያ ማንነቱን ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ የሚፈለገው ወደ ላይ የተሳለ የቀስት ምልክት ነው፤ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ማለት ነው። ቀስቱ በእንግሊዝኛው ሲ ፊደል ውስጥ ከሆነ የካናዳ ነው። ቀጥሎ የዕቃ ቁጥሩ ይታያል፤ የመገናኛ ክፍል ዕቃዎች ቁጥር ብዙ ጊዜ ዜድ ኤ በሚሉ ሁለት ፊደሎች ይጀምራል። ከዚያ የሞዴሉ ቁጥር ይመጣል። ቁጥር 11 ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣ፣ ከ4.2 እስከ 7.5 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነው። ቁጥር 18 በሰው ጀርባ የሚታዘል ነው። ቁጥር 19 ለታንክ የተሠራና እጅግ በብዛት የተመረተ ነው። ቁጥር 62 በጦርነቱ ፍጻሜ አካባቢ የወጣ ነው።

ይህ ዕውቀት ለታሪክ ጸሐፊው ምን ይፈይዳል? ምሳሌ ልስጥ። አንድ ቤተሰብ «ይህ አያታችን በ1932 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር ሲገቡ የያዙት ሬዲዮ ነው» ቢለን፣ መሣሪያውም ቁጥር 19 ማርክ 3 ሆኖ ብናገኘው፣ ማርክ 3 ከ1942 እ.ኤ.አ. በፊት ያልነበረ ስለሆነ አባባሉና ዕቃው አይገጥሙም። ታዲያ ቤተሰቡ ዋሽቷል ማለት ነውን? አይደለም። አያትየው በ1932 ዓ.ም. ዘምተው፣ በኋላ በእንግሊዝ ሚሽን የሠለጠነው ሠራዊት ውስጥ አገልግለው፣ ዕቃው በዚያ ጊዜ እጃቸው ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት የሕይወት ምዕራፎች በአንድ ዕቃ ላይ ተደርበዋል ማለት ነው። ዕቃው ትረካውን አይሽረውም፤ የት ቦታ ቆም ብለን መጠየቅ እንዳለብን ግን ያሳየናል።

እኔ ራሴ የማጠናው ቁጥር 19 ማርክ 2 አዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ያገኘሁት ነው። ፊቱ ላይ የእንግሊዝኛና የሩሲያ ፊደል ጎን ለጎን ተጽፏል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ የተመረቱት ቁጥር 19 መሣሪያዎች ለሶቪየት ኅብረትም በርዳታ ይላኩ ስለነበር ጽሑፉ በሁለት ቋንቋ ወጣ። የእኔን መሣሪያ ልዩ የሚያደርገው ግን ሦስተኛው ፊደል ነው። አንድ ሰው በቀጭን ብሩሽና በነጭ ቀለም፣ በመምረጫው ማዞሪያ ዙሪያ፣ በአንደኛው በኩል «በቃል»፣ በሌላኛው በኩል «በምልክት» ብሎ በአማርኛ ጽፏል፤ የመጀመሪያው ድምፅ ለማስተላለፊያ፣ ሁለተኛው ለሞርስ ነው። ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሆኖም ኢትዮጵያዊ ሠልጣኝ ወይም አሠልጣኝ መሣሪያውን በራሱ ቋንቋ እንዳስተናገደው ያለ ጥርጥር ይመሰክራል። ስለ እርሱ የተጻፈ ሌላ ወረቀት ላይኖር ይችላል፤ ያ ጽሑፍ ሁለት ቃል ቢሆንም መዝገብ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰብሳቢ ይህንኑ መሣሪያ ገዝቶ «እንደ አዲስ» ሊያደርገው ቢነሣ የመጀመሪያ ሥራው ፊቱን አሸዋ ወረቀት ፈትጎ መቀባት በሆነ ነበር። መሣሪያው ያምር ነበር፤ ኢትዮጵያዊው ግን ከታሪኩ ይወጣ ነበር።

ስለ አጠጋገን

በዚህ ምክንያት የጥገናው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል፦ መመዝገብ፣ ማረጋጋት፣ በመጨረሻም አስፈላጊ ከሆነ ብቻ ማሠራት።

መመዝገብ ማለት አቧራው እንኳ ሳይነካ ከስድስቱም ገጽ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ እያንዳንዱን ቁጥርና ጭረት መጻፍ፣ የተገኘበትን ቤት፣ የሰጠውን ሰው ቃልና ቀኑን ማስፈር ነው። በውስጡ የተገኘ የሽቦ ቁራጭም ቢሆን አይጣልም። በሜዳ የተደረገ ጥገና የመሣሪያው የሕይወት ታሪክ አካል ነው።

ማረጋጋት ማለት ጉዳቱ እንዳይቀጥል ማድረግ ነው። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ውኃና ቤንዚን በተጻፈበት ገጽ አይነካም፤ ቀለሙን ያነሣልና። የሽቦዎቹ የጎማ ልባስ በዕድሜ ብዛት እንደ ደረቅ እንጀራ ስለሚፈረፈር አይጎተትም፣ አይታጠፍም።

ማሠራት የሚለው ላይ ግን አጥብቄ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ፤ አሮጌ መሣሪያ እንደተገኘ ኤሌክትሪክ አይሰጠውም። «እስቲ ይሠራ እንደሆነ እንየው» የምትለዋ ፍላጎት ብዙ መሣሪያ አቃጥላለች። ምክንያቱ ይህ ነው። በውስጡ ያሉት በሰም የተነከሩ የወረቀት ካፓሲተሮች ለአሥርት ዓመታት እርጥበት ሲስቡ ኖረው ማገድ የሚገባቸውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራሉ። ይህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ቀጣዩ ቫልቭ ፍርግርግ ሲደርስ ቫልቩ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ትራንስፎርመሩም ይቃጠላል። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባሉት ካፓሲተሮች ደግሞ በውስጣቸው ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያለ ሥራ ሲቆይ ይሳሳል። የሚገርመው፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የመስታወቱ ቫልቭ፣ አየር ካልገባበት፣ በመቀመጥ ብዛት አለመበላሸቱ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሬዚስተሮቹ በቴስተር ይለካሉ፤ የካርቦን ሬዚስተር ዋጋው በዕድሜ ይጨምራልና። የደከመው ካፓሲተር አይጣልም፤ የውጭ ቀፎው ተከፍቶ አሮጌው ይዘት ይወጣና ትንሹ አዲስ ካፓሲተር በውስጡ ይገባል፤ ከዚያ ይታሸጋል። በካውያና በስታኞ የሚነካው ነጥብ ሁሉ በመዝገቡ ይጻፋል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው አጥኚ የትኛው የ1942፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ ማወቅ አለበትና። ከዚህ በኋላ ኤሌክትሪኩ መጠኑ ተገድቦ፣ ከዝቅተኛው ቮልቴጅ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይሰጣል።

አደጋውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የቁጥር 19 ማሰራጫ 500 ቮልት ገደማ ይጠቀማል፤ ካፓሲተሮቹ ከጠፋም በኋላ ያን ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በዘመኑ በጨለማ እንዲያበሩ በራዲየም ቀለም የተጻፉ የመለኪያ ሰሌዳዎች አሉ። ቀለሙ ዛሬ ባያበራም አደገኛነቱ አልቀነሰም ማለት ይቻላል፤ የደከመው አብሪው ንጥረ ነገር እንጂ ራዲየሙ አይደለም፤ የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ገደማ ነውና። እንዲህ ያለ ሰሌዳ አይፋቅም፣ አይከፈትም። ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር የተገኘ ጥይት ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ካለ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ለሚመለከተው አካል ይነገራል።

መሣሪያው ከተጠገነ በኋላ መስማት አንድ ነገር ነው፤ ማሰራጨት ሌላ ነው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፍላጎት ያላችሁ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለውን፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቀውን የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ ብትጎበኙ ብዙ ትማራላችሁ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ደግሞ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ይህን የምለው የውጭ ሰብሳቢዎች ለእነዚህ ዕቃዎች ጥሩ ገንዘብ እንደሚከፍሉ ስለማውቅ ነው።

ያልተሰማው ወገን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። በጦር ሬዲዮ የሚላክ መልእክት ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ በላኪው፣ አንድ ጊዜ በተቀባዩ፣ ከነሰዓቱ። ወረቀቱ ወደ ክፍሉ የጦር ማስታወሻ ይገባል፤ ማስታወሻው ከጊዜ በኋላ ለንደን ውስጥ ኪው ወደሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይሄዳል። ታሪክ ጸሐፊው እዚያ ሄዶ ያነብበዋል፣ መጽሐፍ ይጽፋል፤ እኛም ያን መጽሐፍ እናስተምራለን። የሰንሰለቱ መነሻ ያ ብረት ሣጥን ነው።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አርበኛስ? እርሱም መገናኛ ነበረው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነበር፤ በቃል የሚያዝ መልእክት፣ ገበያ መስላ የምትሄድ ሴት፣ እረኛ፣ ነጋሪትና መለከት ነበሩ። ፊዚክሱ እንደነገረን ጉናን ለመሻገር እግረኛው መልእክተኛ ከደከመ ባትሪ ይልቅ የታመነ ነበር። ይሁን እንጂ መልእክተኛው ቃሉን ካደረሰ በኋላ ቃሉ በማንም መዝገብ አልገባም። ስለዚህ በተጻፈው ታሪክ ውስጥ የእንግሊዝ መኮንን በስሙ፣ በሰዓቱና በቦታው ሲገኝ፣ አርበኛው ብዙ ጊዜ «የአካባቢው ሰዎች» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ሁልጊዜ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ከመሣሪያው የመጣ ነው። ነገር ግን መንሥኤውን ካወቅን በኋላ ዝም ማለት የእኛ ጥፋት ይሆናል።

ደብረ ታቦር ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። ከአጠገቧ ባለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን አሠሩ፤ መድፉም በጋይንት አቅጣጫ እየተጎተተ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ወጣ። ስለዚያ ጉዞ የምናነበው ብዙው ነገር በእጃቸው ብዕር የነበራቸው አውሮፓውያን የጻፉት ነው። መንገድ የቆፈረውና ገመድ የሳበው ሕዝብ ምን አለ የሚለውን ለመጠየቅ ዘግይተናል። ስለ 1933 ዓ.ም. ግን ፈጽሞ አልዘገየንም፤ የዘመቱት ቢያልፉም ከአፋቸው የሰሙ ልጆቻቸው አሉ።

በመጨረሻም ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ አለ። ለበዓል ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ ዓርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የምትሄዱ፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ቀስት የታተመበት ሣጥን፣ ማዳመጫ፣ የሞርስ መምቻ ወይም የብረት ዘንግ ካያችሁ አትግዙት፣ አትፍቱት፣ አትጥረጉት። ባለቤቱ ከፈቀዱ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ካልፈቀዱ አትጫኗቸው፤ በአገራችን የጦር ዕቃ አለኝ ብሎ መናገር የሚያስፈራበት በቂ ምክንያት አለ። ከዚያ ዕቃውን ተዉትና ስለ ሰዎቹ ጠይቁ፦ መልእክት የሚያደርሰው ማን ነበር? በየት በኩል ይሄድ ነበር? ስንት ቀን ይፈጅበት ነበር? እናቱና አባቱ ማን ይባላሉ? ያላችሁን ሁሉ በራሳቸው አነጋገር፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምራችሁ ጻፉ።

ይህን የምትጽፉበት ደብተር ከዕቃው ፎቶግራፍ ጋር በአንድ መዝገብ ይቀመጣል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይመዘገብም። ሬዲዮው ተጠግኖ ባይናገርም፣ መልእክተኛው በስሙ ከተጻፈ ሥራችን ከግማሽ በላይ ተፈጽሟል።